ያለ ደብዳቤ የማትነካው ስኩተር

እግር ያለው ይቀመጥ፣ ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ይህ የመሄድ ተረት ነው።

ጥላዬ የሚባል አንድ ቀያሽ ነበር። ባልፈረመው ካርታ ተወንጅሎ ከሥራው ከተባረረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ይግባኝ የሚቀበለው መስኮት ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሁን አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ጉልበቱ ታማሚ ነው፣ አቀበቱን በእግሩ አይወጣውም። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በኪራይ ስኩተር መድረስ።

ስኩተሯ ከቢጫው የማቆሚያ መስመሯ ወጥታ አስፋልቱ ላይ ተጋድማለች። ከኋላዋ የመኪና ጥሩምባ ይጮሃል። ስልኩን ቢያስጠጋላት፣ «መስመሬ ውስጥ ካልገባሁ አልከፈትም» አለች። ጎንበስ ሲል ዘበኛው ደበላ ፊሽካውን ነፋ።

«ጋሼ፣ እጅዎን! ያለ ደብዳቤ አትነካም።»

«ሁለት እርምጃ እኮ ነው!»

«ሁለት እርምጃም እርምጃ ነው።»

ጥላዬ እየተንጨረጨረ የስኩተር ኪራዩ ኃላፊ የአቶ ምትኩ ቢሮ ገባ። «ስኩተሯ መስመሯ ውስጥ ካልገባሁ አልከፈትም አለች፣ ዘበኛው ያለ ደብዳቤ አላስነካም አለ፣ መስኮቱ ሊዘጋብኝ ነው!»

«ደብዳቤውማ ይኸው ተጽፏል» አለ ኃላፊው። «ግን ያለ ማህተም አልሰጥም። የማህተሙ መሳቢያ ቁልፍ ማህተም ያዥዋ ወይዘሮ ትርሲት ቦርሳ ውስጥ ነው።»

ጥላዬ ደወለላት። «እመቤቴ፣ ስኩተሯ መስመሯ ውስጥ ካልገባሁ አልከፈትም አለች፣ ዘበኛው ያለ ደብዳቤ አላስነካም አለ፣ ኃላፊው ያለ ማህተም አልሰጥም አለ፣ መስኮቱ ሊዘጋብኝ ነው፤ ይድረሱልኝ!»

«በምን ልድረስ ወንድሜ? ታች ሰፈር ሰልፍ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ታክሲዎቹ እናንተ ጋ ቆመዋል አሉ።»

እውነትም ቆመዋል። ጥላዬ የፊተኛዋን ታክሲ መስኮት ደበደበ። «ስኩተሯ መስመሯ ውስጥ ካልገባሁ አልከፈትም አለች፣ ዘበኛው ያለ ደብዳቤ አላስነካም አለ፣ ኃላፊው ያለ ማህተም አልሰጥም አለ፣ ማህተም ያዥዋ ያለ ታክሲ አልመጣም አለች፣ መስኮቱ ሊዘጋብኝ ነው፤ አንቺስ ምን ይገትርሻል?»

ሾፌሯ ሳቀች። «በምን በኩል ልለፍ ጋሽዬ? ስኩተሯ ዘግታብኝ!»

ጥላዬ ዞሮ አያት። ያቺው ናት! ደሙ ፈላ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመትም እንዲህ ነበር፤ ሁሉም ወደ ሌላው ጠቆመ፣ እሱም እየዞረ ለመነ።

እጅጌውን ሰበሰበ። ደበላ ፊሽካውን ነፋ።

«ንፋው! እስክትፈነዳ ንፋው!»

ስኩተሯ ብትጮህም አንስቶ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ መስመሯ ውስጥ ዱብ አደረጋት።

ያኔ ስኩተሯ ተከፈተች፣ ጥላዬም ተፈተለከ። ያኔ ታክሲዋ ወረደች፣ ማህተም ያዥዋን ይዛ መጣች፣ ማህተሙ ደብዳቤው ላይ አረፈ፣ ደብዳቤው ዘበኛው እጅ ገባ። ደበላ አንብቦ ጨረሰና ለባዶው አስፋልት፣ «ጋሼ፣ አሁን ማንሳት ይችላሉ» አለ።

ጥላዬ መስኮቱ ሊዘጋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ደርሶ ነበር። ጸሐፊዋ ይግባኙን ተቀብላ መዘገበችው፤ ከዚያ የተባረረበትን ቀን አይታ ቀና አለች።

«አባቴ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የት ቆይተው ነው?»

«ፈቃድ ስጠብቅ» አለ።

ተረቴን መስመሩ ውስጥ አቁሜዋለሁ፤ የሚያነሳው ደብዳቤ አይጠይቅ።