ምን እንደተበጠሰ የማይናገረው ደብዳቤ

አንድ ዘርጋው የሚባል ወፍጮ ጠጋኝ ነበር። በአንዲት ትንሽ ከተማ ተቀምጦ በዙሪያው ያሉትን የገጠር ወፍጮዎች የሚጠግነው እሱ ብቻ ነው። ለብረት የማያልቅ ትዕግሥት አለው፤ የዛገ ብሎን ለመፍታት ግማሽ ቀን ቢፈጅበት እንኳ አይነጫነጭም። ለወረቀት ግን ቅንጣት ትዕግሥት የለውም። አገሩ ስልክ ያልደረሰበት በመሆኑ ጥሪው ሁሉ የሚመጣው በደብዳቤ ነበርና፣ ከሥራው ይልቅ ጨጓራውን የሚልጠው ማንበቡ ነበር።

ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ የጨው ነጋዴ ከወንዝ ማዶ ካለችው መንደር ደብዳቤ አምጥቶ ሰጠውና ወደ ገበያው ሄደ። ዘርጋው ገና ሲከፍተው የእጅ ጽሕፈቱን ውበት አይቶ ማን እንደጻፈው ዐወቀና በረጅሙ ተነፈሰ። ጸሐፊው አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በጽሕፈት ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ የመንደሩን ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፉ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ተኩል ነው። ከላይ «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ይላል። ከዚያ የዘርጋውን ጤንነት፣ የባለቤቱን ጤንነት፣ የበቅሎውንም ጤንነት ሳይቀር ይጠይቃል። ሁለተኛው አንቀጽ ዘርጋውን «የብረት ሐኪም» እያለ ያሞግሳል። ሦስተኛው «ከዚህ ቀደም እንደተገለጸው» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚህ ቀደም የተገለጸ ነገር ግን የለም። አራተኛው «እንደሚታወቀው» ይላል። የሚታወቅ ከሆነ ለምን ይጻፋል? የማይታወቅ ከሆነስ ምን ብሎ ይታወቃል ይባላል? በመጨረሻ፣ ልክ ከፊርማው በላይ፣ «በወፍጯችን ላይ የተከሰተውን ችግር ከግምት ውስጥ በማስገባት አስፈላጊው ሁሉ እንዲደረግልን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዘርጋው ሦስት ጊዜ አነበበው። ምናልባት ጀርባው ላይ የቀረ ነገር ይኖር እንደሆነ ብሎ ወረቀቱን ገለበጠው። ባዶ ነው። ችግሩ የሞተሩ ነው? የድንጋዩ ነው? ወይስ የሌላ? የመለዋወጫው ዓይነት ብዙ፣ በቅሎዋ ደግሞ አንዲት ናት። ጽፎ እንዳይጠይቅ ጊዜ የለም። ዝናቡ ከጀመረ ወንዙ ይሞላል፤ ከሞላ ደግሞ እስከ መስከረም ሰው አያሻግርም። ያቺ መንደር ያላት ወፍጮ አንድ ብቻ ነው። እሱ ካልተጠገነ ሴቶቹ ክረምቱን ሙሉ በድንጋይ ላይ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሊፈጩ ነው። ዘርጋው አምና እዚያ የወፍጮው ዘንግ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ መለወጡ ትዝ አለውና «መቼም ያው ይሆናል» ብሎ አዲስ ኩሽኔታ ጭኖ በማለዳ ተነሣ።

ቀኑን ሙሉ ተጉዞ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወፍጮ ቤቱ ሲደርስ ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። ኩሽኔታው ምንም አልሆነም። በሁለት መዘውሮች ላይ ተጠምጥሞ የሞተሩን ጉልበት ወደ ወፍጮው የሚያደርሰው ረጅሙ ቺንጋ ለሁለት ተበጥሶ መሬት ላይ ተጋድሟል። እንዲህ ያለ ቺንጋ በዘርጋው ቤት ግድግዳ ላይ ሰባት ተሰቅሎ ነበር።

የወፍጮው ባለቤት ወይዘሮ ደብሪቱ ኩሽኔታውን አይተው ግራ ገባቸው።

«እኔ እኮ ነግሬያቸዋለሁ» አሉ። «‹ቺንጋው ተበጥሷል፤ ወንዙ ሳይሞላ ይዞልን ይምጣ› ብለው ይጻፉልኝ ነው ያልኳቸው።»

ፊደል ያልቆጠሩት ሴት በአንድ ትንፋሽ የተናገሩትን፣ ሠላሳ ዓመት ሲጽፉ የኖሩት ሰው በገጽ ተኩል ቀበሩት። ወዲያው አቶ ልሳነወርቅ የዘርጋውን መምጣት ሰምተው ሰላም ሊሉት ከች አሉ። ስለ ጤናው ጠየቁት፣ ስለ ባለቤቱ ጠየቁት፤ ወደ በቅሎዋ ሊያልፉ ሲሉ አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ ምን እንደተበጠሰ ለምን አልጻፉልኝም?»

«ችግር ተከስቷል ብዬ ጽፌያለሁ እንጂ።»

«ችግርማ የሌለበት ቤት የት አለ?»

«ስማ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ቅር ብሏቸው። «አንተን የመሰለ ባለሙያ ‹ቺንጋ ይዘህ ና› ተብሎ ይጻፍለታል? ይሄ እኮ ሎሌ መጥራት ነው። ሰው ቤት ገብቶ ሰላምታ ሳያደርስ ጉዳዩን የሚዘረግፍ ባለጌ ይባላል።»

«እያከበሩኝ የሁለት ቀን መንገድ በከንቱ አስኬዱኝ፣ ጋሼ። አክብሮቱ ደግሞ ወፍጮ አያዞርም።»

ሽማግሌው ተቀይመው ሄዱ። ዘርጋው እዚያው አድሮ በነጋታው ወደ ከተማ ተመለሰ፤ ሲነሣም ቅዳሜ ቺንጋውን ይዞ እንደሚመጣ ለወይዘሮ ደብሪቱ ነግሯቸው ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ከላይ ከደጋው በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ቅዳሜ ወንዙ ዳር ሲደርስ ውሃው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ግንድ እያንከባለለ፣ እያገሳ ይወርዳል። ስፋቱ ከአንድ ጎበዝ ውርወራ አይበልጥም፤ የሚደፍረው ግን የለም። ዘርጋው ቺንጋውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሞ ቀረ። በገዛ እጁ የያዘውን ነገር ማድረስ አለመቻሉ አንገበገበው።

ማዶ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ አቶ ልሳነወርቅና ጥቂት ገበሬዎች ይጠብቁታል። ንግግር ሲሆን ቅድሚያው የአቶ ልሳነወርቅ ነውና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መጮህ ጀመሩ። ዘርጋው ጆሮውን አቀና። የሚሰማው የውሃው ጩኸት ብቻ ነው። አልሰማሁም ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠ። ሽማግሌው እንደገና ከሰላምታው ጀመሩ። አሁንም አልሰማም። ለሦስተኛ ጊዜ ከሰላምታው ጀመሩና ገና ጉዳዩ ላይ ሳይደርሱ ድምፃቸው ተዘጋ።

ይሄኔ ወይዘሮ ደብሪቱ ሽማግሌውን በቀስታ ገለል አደረጓቸው።

«ገመድ! ያዝ!»

ሁለቱ ቃላት ወንዙን ተሻገሩ። አንድ ገበሬ በቀጭን ገመድ ጫፍ ድንጋይ አስሮ ወረወረ፤ ውሃው ወሰደው። ደግሞ ወረወረ፤ ደግሞ ወሰደው። በሦስተኛው ዘርጋው ያዘውና ቺንጋውን አጥብቆ አሰረበት። ማዶ ያሉትም እየጎተቱ አሻገሩት።

አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚገጠም መንገር አለበት። ዘርጋውም በተራው «በመጀመሪያ ሞተሩ በሚገባ መጥፋቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ ቺንጋው እንዳይጣመም እየተጠነቀቃችሁ…» እያለ ሲጮህ ማዶ ያሉት ሁሉ ጆሯቸውን ይዘው ሲፈጡበት አየ። አፈረ። ሲያማርርበት የሰነበተውን ነገር ራሱ እያደረገው ነው። ነገሩን አሳጠረና በየመካከሉ ፋታ እየሰጠ ጮኸ።

«ሞተር አጥፉ! ትንሹ መዘውር በፊት! ትልቁ በኋላ!»

ከመካከላቸው መጻፍ የሚችሉት አቶ ልሳነወርቅ ብቻ ነበሩ። ወረቀት ከኪሳቸው አወጡና ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደሰሙት ጻፉት። ሦስት መስመር ሆነ። በዕድሜያቸው ከጻፉት ሁሉ አጭሩ ነው፤ ወፍጮውን ያስነሣውም እሱ ነው። ዘርጋው ከማዶ ከሚታየው ወፍጮ ቤት ጣሪያ በላይ የሞተሩ ጢስ ሲወጣ እስኪያይ ቆየና በቅሎውን መልሶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወንዙ በጎደለ በሳምንቱ ከዚያችው መንደር ሌላ ደብዳቤ መጣለት። የመጀመሪያው መስመር «የሞተሩ የናፍጣ ቱቦ ተሰንጥቋል፤ እስከ ሐሙስ አዲስ ይዘህ ና» ይላል። ከሥሩ «ሰላምታዬ ከዚህ ይቀጥላል» ተብሎ አንድ ገጽ ሙሉ ሰላምታ ተጽፏል። ዘርጋው መጀመሪያ ቱቦውን ጫነ። ሰላምታውን በቅሎው ላይ ተቀምጦ፣ ፈገግ እያለ፣ እስከ መጨረሻው አነበበው።

ወዳጆቼ፣ እኛም በየመሥሪያ ቤታችንና በየንግድ ቤታችን ስንጽፍ አንባቢው አጠገባችን ቁጭ ብሎ ፊታችንን የሚያይ ይመስለናል። የለም፤ አንባቢ ሁልጊዜ ወንዝ ማዶ ነው። በመካከላችን የራሱ ሥራ፣ የራሱ ድካምና የሌሎች ሰዎች አርባ ደብዳቤ ያገሳል። አርባዎቹም ላይ «ትብብር ስለመጠየቅ» የሚል ተጽፏል። ሰውን ከልብ ማክበር ማለት ከእሱ የምንፈልገውን ሳይደክም እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ሰላምታው ይቅር ያለ የለም፤ ጉዳዩን ግን አያስጠብቀው።

እስቲ ዛሬ ሊልኩት ያዘጋጁትን ደብዳቤ ያውጡት። ወንዙ ሞልቶ ሁለት ቃል ብቻ የሚያሻግር ቢሆን የትኞቹን ይጮኹ ነበር? እነዚያ ሁለት ቃላት በደብዳቤዎ ውስጥ ስንተኛው መስመር ላይ ናቸው?