የመሪው ጠባይ

አንድ ሰኞ ማለዳ፣ አዳማ ውስጥ ያለ አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ሠራተኞቹን አዳራሽ ሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርይሁን ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ አስመጥተው ነበር። ባሮክ ይባላል፤ ትሑት ወጣት ነው። የሰው ጠባይ የሚለይበት ፈተና ይዞ ነው የመጣው። ሰው የራሱንም የባልደረባውንም ጠባይ ሲያውቅ አብሮ መሥራት እንደሚቀለው አስረዳቸው። ሹፌሩም፣ መካኒኩም፣ ቲኬት ሻጯም ቁጭ ብለው ጥያቄውን መለሱ። በማግሥቱ ውጤቱ ተነገረ። አንዱ ተግባቢ፣ አንዷ ዝምተኛ፣ ሌላው ጠንቃቃ ተባለ። ለአቶ ዘርይሁን «መሪ» የሚል ወጣላቸው።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው። ባሮክ ሲሰናበት፣ ይህ መነጋገሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ውጤቱን ይዛችሁ እርስ በርስ ተጠያየቁ ብሎ አደራ ብሏል። እሳቸው ግን ልጁ ከግቢው ሳይወጣ ሰው ማዘዋወር ጀመሩ።

ቲኬት መስኮት ላይ ዓመታት የሠራችው ሙሉነሽ ዝምተኛ ስለተባለች መለዋወጫ መጋዘን ገባች። መኪና ሥር ተኝቶም ወሬው የማይቋረጠው መካኒኩ ቢያድግልኝ ደግሞ ተግባቢ ስለተባለ በእሷ ወንበር ተቀመጠ።

ቢያድግልኝ በእውነትም ተግባቢ ነው። ወደ አሰላ የሚሄድ ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ፣ አሰላ ምን ዘመድ እንዳለው፣ ለለቅሶ ይሁን ለሠርግ የሚሄደው፣ ሠርግ ከሆነም ሙሽራዋ የማን ልጅ እንደሆነች ይጠይቃል። ተሳፋሪው ወደደው። አንዲት እናትማ ለልጃቸው ሚስት እንዲፈልግላቸው አደራ ብለውት ሄዱ። ነገር ግን ሰልፉ አስፋልት ድረስ ወጣ፤ አውቶቡሶቹ ግማሽ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ መነሣት ጀመሩ። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ፍሬን የሚያይ ሰው ጠፋ። ሙሉነሽ እጇ ፈጣን ነበር፤ ሳትናገር ነበር ሰውን የምትሸኘው። አሁን መጋዘን ውስጥ ከጎማ ጋር ተፋጥጣ ትውላለች።

የስምሪት ኃላፊዋ የሺመቤት ነገር በሆዷ አታሳድርም። ሹፌሮቹ እንደ ታላቅ እህት ነው የሚያይዋት። ይህን ጉድ ለመንገር ደጋግማ ወደ አቶ ዘርይሁን ቢሮ ወጣች። እሳቸው ግን ከተሾሙ ጀምሮ ጋራዡንም መስኮቱንም ረግጠው አያውቁም፤ ከመኪናቸው ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ መኪናቸው ነው። ስለዚህ የምትነግራቸው ሰልፍ አልታያቸውም። የታያቸው የእሷ የፈተና ውጤት ነው፤ «ተከራካሪ» ይላል። ይኸው ጠባይሽ ነው እያሉ መለሷት። ውሎ አድሮም፣ ከመሪ ጋር የማይሄድ ጠባይ ያለው ሰው ሩቅ ቅርንጫፍ ሊመደብ ነው የሚል ወሬ ከቢሯቸው ወጣ። ማንን ለማለት እንደሆነ ሁሉም ገባው። የሺመቤት ባሏ የሚሠራው፣ ልጆቿም የሚማሩት አዳማ ነው። ያን ሰሞን ምግብም አልበላ አላት።

ባሮክ ሥልጠናው ምን ፍሬ እንዳፈራ ለማየት ተመልሶ መጣ። መስኮቱን ትቶ መምጣት ካልቻለው ከቢያድግልኝ በቀር ሁሉም አዳራሽ ገባ። ባሮክ በመጀመሪያ አቶ ዘርይሁንን፣ ስለ ራሳቸው ምን አዲስ ነገር እንዳወቁ ጠየቃቸው። ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉና፣ አዲስ ነገር እንደሌለ፣ መሪ መሆናቸውን ድሮም እንደሚያውቁ፣ ፈተናው ያንኑ እንዳረጋገጠላቸው ተናገሩ። ሥራው ተበላሸ ከተባለም፣ ሠራተኛው መሪውን መከተል ስላቃተው ነው አሉ። ከዚያ ዐይናቸውን የሺመቤት ላይ ጣሉ።

«እስቲ ተከራካሪዋ ትናገር። መሪ መሆኔንም ልትክጂኝ ነው?»

የሺመቤት ቀስ ብላ ተነሣች።

«ኧረ በፍጹም፣ አቶ ዘርይሁን። መሪማ ነዎት። መኪናስ ያለ መሪ መቼ ይሄዳል? ግን መሪ ካልዞረ፣ የተሳፈርነው ሁሉ ገደል መግባታችን ነው።»

ቀድመው የሳቁት ሹፌሮቹ ናቸው፤ መሪ ሲያዞሩ የሚውሉ ሰዎች ናቸውና። ቀጥሎ ሌላውም ገባው፤ ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን እንኳ ግቢውን ዞረው አይተው አያውቁማ። ባሮክ ሳቁን ሊደብቅ አቀረቀረ። የአቶ ዘርይሁን ፊት ተለዋወጠ። የሺመቤት፣ በቃ ዝውውሬ ቁርጥ ሆነ ብላ አሰበች። ሰውየው ግን ሳቅ አመለጣቸው።

«ከየት ልጀምር ታዲያ?» አሏት።

«ከቲኬቱ መስኮት።»

እንደተባሉት ወረዱ። በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሊያልፉ ሲሉ፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ክንዳቸውን ይዞ፣ አባት ሰልፍ ያዙ አላቸው። እሳቸውም ያዙ። ወረፋቸው ደርሶ ቢያድግልኝ ጋ ሲቀርቡ፣ የአሰላው አውቶቡስ ግማሹን ባዶውን ሄዷል። ከምሳ በኋላ ሙሉነሽ መስኮቷ ላይ ነበረች፤ ቢያድግልኝ መኪና ሥር፤ የሺመቤትም አዳማ።