ከወይዘሮ ዘውድነሽ ጎን ያለው ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ የአውሮፕላን ቲኬት በስልክ መቁረጥ ከተለመደ ወዲህ፣ ደሴ ውስጥ ወይዘሮ ዘውድነሽ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አርባ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍተዋል። ሟች ባላቸው የአሰብ መስመር ሾፌር ስለነበሩ፣ ከመንገድ በተመለሱ ቁጥር ስለ ባሕር ያወሩላቸው ነበር። እሳቸው ግን ባሕር የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ስልሳ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ሦስት ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ሳልሞት እግሬን ባሕር ውስጥ መንከር እፈልጋለሁ» አሉ። ማረፊያ አላጡም፤ የጎረቤታቸው ልጅ ዘቢባ ኬንያ፣ ባሕሩ ዳር ሞምባሳ አግብታ ትኖራለች። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁ።

«ለገና ቤቴ መገኘት አለብኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ገናን የሚውለው እኔ ቤት ነው። ደጄ ተዘግቶ ከሚውል ባሕሩ ይቅርብኝ።»

የበኩር ልጃቸው ልዑልሰገድ ስልክ ጠጋኝ ነው። የደርሶ መልሱን ዋጋ ሲያይ ራሱን ያዘ። ሁለት ሳምንት ስልኩ ላይ ተተክሎ ሲፈልግ ከረመና ዘዴ አገኘ፤ መሄጃውን ከአንድ አየር መንገድ፣ መመለሻውን ከሌላ፣ ለየብቻ ቢቆርጥ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል። ቆረጠ። ታኅሣሥ 18 ይሄዳሉ፣ 27 ማታ አዲስ አበባ ይገባሉ፣ 28 ሲመሽ በመኪና ደሴ ይደርሳሉ፣ በማግስቱ ገና ነው። «እማዬ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ!» አለ። እሱ ባይኖር ጉዞው ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ሁለተኛዋ ምንትዋብ መምህርት ናት። በዓልና ጾም መቼ እንደሚውል ለማወቅ ሰፈሩ የሚጠይቀው እሷን ነው። ጉዞውን ከመጀመሪያው አልወደደችውም፤ «በዚህ ዕድሜ የምን ባሕር ነው? ጠበል አይሻልም?» ብላ እናቷን አስኮርፋለች። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ቲኬቱን አየችና ጮኸች።

«ጋሼ! ዘንድሮ እኮ ዘመነ ዮሐንስ ነው! ዓምና ጳጉሜን ስድስት አልነበረችም እንዴ? ገና በ28 ነው!»

የልዑልሰገድ ፊት ጠቆረ። እናቱ ደሴ የሚገቡት በዓሉ ካለቀ በኋላ ሊሆን ነው። የገዛው ርካሽ ቲኬት ደግሞ ቀኑ አይለወጥም። ወይዘሮ ዘውድነሽ ልብሳቸውን ከሻንጣ ማውጣት ጀመሩ። ምንትዋብ ይህን ስታይ ቲኬቱን ደግማ መረመረች። የተበላሸው መመለሻው ብቻ ነው፤ መሄጃው ለብቻው ስለተቆረጠ ደህና ነው። ከመምህራን ጓደኞቿ ጋር አርባ ምንጭ ልትዝናና ያዋጣችውን ገንዘብ አስመለሰችና ከሦስተኛ አየር መንገድ ለታኅሣሥ 25 አዲስ መመለሻ ቆረጠች። ጓደኞቿ ያለ እሷ ሄዱ።

የመጨረሻው ናሁሰናይ ባጃጅ ነጂ ነው። ሰው በማወቅ የሚስተካከለው የለም፤ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የእሱን ሰላምታ ያልቀመሰ ዘበኛ አይገኝም። አዲሱን መመለሻ አሳትሞ ለእናቱ እንዲሰጥ ምንትዋብ አደራ ብላው ነበር። እሱ ግን ስልኳን ይዞ ሊያሳትም ሲሄድ ጓደኛ አገኘ፣ ጨዋታው ደራ፣ ወረቀቱ ተረሳ። በጉዞው ቀን እናቱን ቦሌ አድርሶ ከውጭ ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ናሁዬ፣ አናሳፍርሽም አሉኝ።»

ከአጠገባቸው የሠራተኛዋ ድምፅ ይሰማል። «እናቴ፣ የያዙት መሄጃ ብቻ ነው። መመለሻ ካላሳዩ አይሆንም። ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው።»

መመለሻው ያለው ምንትዋብ ስልክ ውስጥ ነው። ምንትዋብ ደግሞ ተማሪ እየፈተነች ስልኳን ዘግታለች። ናሁሰናይ «አብሽሪ እማዬ፣ ከዚያ እንዳትነቃነቂ» አለና ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለጋሽ ሰይድ ደወለ። ጋሽ ሰይድ በዚያ ዕድሜያቸው ሦስት ፎቅ በሩጫ ወጡ። ምንትዋብ ስልኳን ከፍታ የቲኬቱን ቁጥር ለናሁሰናይ አነበበች፤ እሱ ለእናቱ፣ እናቱ ለሠራተኛዋ። ሠራተኛዋ ቁጥሩን አስገብታ አየችና «ይለፉ እናቴ» አለች።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ሞምባሳ ደረሱ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። በስልክ «ጨው ነው! እውነትም ጨው ነው!» እያሉ እንደ ልጅ ሲስቁ ሦስቱም ልጆቻቸው በደስታ አለቀሱ። ታኅሣሥ 26 ደሴ ገቡ፤ በ28 ቤታቸው በጎረቤት ጢም አለ። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ እንዲህ አሉ፦

«ዘቢባ ከፋሲካ በኋላ ተመለሺ ብላኛለች። አሁን ግን ብቻዬን አልሄድም። አቅሜ ለሁለት ሰው ነው። ባሕሩን ያሳየኝ ልጅ ከጎኔ ይቀመጥ።»

ልዑልሰገድ ቀደመ። «መንገዱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ለየብቻ ባልቆርጥ ኖሮ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም ይበላሽ ነበር።»

«እማዬ በአንተ ቲኬት ብትመጣ ኖሮ ገናን መኪና ላይ ነበር የምትውለው» አለች ምንትዋብ። «የራሷን መዝናኛ የተወችስ ከእኔ ሌላ ማን አለ?»

«እናንተ ቲኬት ቆረጣችሁ፤ አውሮፕላኑ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለ ናሁሰናይ።

«ወረቀቱን ባትረሳ እማዬ መች ትጨነቅ ነበር?» አለች ምንትዋብ።

«አንቺስ እትዬ፣ ጠበል ይሻላል ስትይ አልነበር?»

አንድ ጎረቤት ሊያስታርቅ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው፤ ሦስታችሁም ናችሁ» ቢል፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ ሳቁበት። «እሱስ ልክ ነህ። ግን አንድ ወንበር ላይ ሦስት ሰው አይቀመጥም።»

ይኸው ፋሲካ ሊደርስ ነው፤ እሳቸው አልወሰኑም። ሦስቱም ልጆች ዋና መማር ጀምረዋል። እኔ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ለአንዱ ብፈርድ ከሁለቱ ተጣልቼ መኖሬ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ወደ እናንተ አመጣሁት። ርካሽ ቲኬት ላይ ስም አንዴ ከተጻፈ አይፋቅምና አስባችሁ ፍረዱ። ለመሆኑ ለወይዘሮ ዘውድነሽ ባሕሩን ያሳያቸው የትኛው ልጅ ነው?