በምርቃት የተሸጠ ጓዝ

ተረት ተረት ስላችሁ «የጓዳ ክምችት» ብላችሁ ተቀበሉኝ። «የላም በረት» ለዛሬው ተረት አይሆንም፤ በረቱም ቢሆን ዕቃ ሞልቶበታል።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አንጓች ደክሟት ነበር። የደከማት ከአረም አይደለም፤ ከወፍጮም አይደለም። የደከማት ዕቃ ከማንሳትና ዕቃ ከማስቀመጥ ነው። እሳት ልታነድ ስትል የተሰበረውን ሞፈር ታነሳለች። ውሃ ልትቀዳ ስትል እንስራ ከእንስራ ላይ ታወርዳለች። ሲመሽ ለመተኛት ኮርቻውን ወደ ምድጃው ታዞራለች፤ ሲነጋ ምድጃውን ለማንደድ ኮርቻውን ወደ መኝታዋ ትመልሳለች። ኮርቻው የበቅሎ ነው። በቅሎዋ ከሞተች ዘመን አልፏል። አንጓችም እግሯን ዘርግታ ከተኛች ዘመን አልፏል። ተጠቅልላ ታድራለች፤ ተጣምማ ትነሳለች።

ባሏ ቢሻው ይባላል። ቢሻው ወደዚያ መንደር ሲመጣ በእጁ አንዲት በትር ብቻ ነበረችው። ቆፈረ፣ አረሰ፣ ቆጠበ፣ ሰው ሆነ። ባዶ እጁን የመጣበት ቀን ግን ከልቡ አልወጣም። «ዕቃ የሚጥል ማጣትን የማያውቅ ነው» ይላል። ከቤቱ የሚገባ እንጂ የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ይህም ባልከፋ። ቤቱን የሞላው ግን የገዛው ዕቃ አልነበረም፤ የተመረቀለት ነው። ማረሻ ሲገዛ «መርቁልኝ!» ይላል፤ እጀታ የሌለው ማጭድ ይጨምሩለታል። ገመድ ሲገዛ «መርቁልኝ!» ይላል፤ ቂጡ የወጣ አቁማዳ ይወረውሩለታል። እንስራ ሲገዛ «መርቁልኝ!» ይላል፤ አፉ የተሸረፈ ሌላ እንስራ ያሸክሙታል። ቆይቶ ነጋዴው ሁሉ ሊጥለው የፈለገውን ነገር ለቢሻው ያስቀምጥለት ጀመር። ቢሻው በምርቃቱ እየሳቀ ይመጣል። አንጓች ታነሳለች፤ ታስቀምጣለች።

አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ መልእክተኛ መጣ። ልጃቸው ስንዱ እዚያ ማዶ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በአገሩ ወግ ሴት ልጅ የበኩር ልጇን የምትወልደው በእናቷ ቤት ነው። መልእክተኛው ወደ ቤት መግባት ስላልቻለ ደጅ ላይ ቆሞ ተናገረ።

«የስንዱ አማት ናቸው የላኩኝ። ‹የእናቷ ቤት ለዕቃ እንጂ ለአራስ አይሆንም ይባላል፤ እዚሁ ትውለድ› ብለዋል። ስንዱ ግን ‹እናቴን ቦታ አለሽ ወይ በልልኝ› ብላለች። እያለቀሰች ነው ያለችው።»

አንጓች ወደ ጓዳ ዞራ አየች። ስንዱ ራሷ የተወለደችበት መደብ እዚያ ከዕቃው ሥር እንዳለ ታውቃለች። መደቡን ግን የሚያስታውሰው ሰው ከእሷ ሌላ አልቀረም።

«አለኝ በላት» አለች። «ጾሙ ሲፈታ ትምጣ።»

መልእክተኛው ሲሄድ አንጓች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ለመቀመጥ ሁለት ክዳንና አንድ ቀንበር ማንሳት ነበረባት።

«አንተ ሰው» አለችው ባሏን፤ «ልጄ የሰው ቤት ወልዳ አላይም። ይህን ጓዝ እንሽጠው።»

ቢሻው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። የልጁ ነገር አንጀቱን በልቶታል። «እሺ» አለ። «ከዋጋው ካደረሱኝ እሸጣለሁ።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ አህያዋ ተጫነች፤ አንጓችም ተጫነች። ቢሻው አፉ ለተሸረፈው እንስራ የደህና እንስራ ዋጋ ጠራ።

«ኧረ አያ ቢሻው፣ አፍ የለውም!» አሉት።

«አፍ የለውም እንጂ ሆዱ ሙሉ ነው!» አላቸው።

ገበያተኛው ስቆ አለፈ። ሲመሽ አህያዋ ተጫነች፤ አንጓችም ተጫነች። ተመለሱ። ጎረቤታቸው ጓንጉል አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያያቸው ጮኸ፦ «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት!» ጓንጉል የሰው ነገር የሚያስቀው፣ የሰው ዕቃም የሚያምረው ሰው ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ቢሻው ዋጋ መጥራቱን ትቶ ልዋጭ ጀመረ። ማጭዱን በወንፊት ለወጠ፤ ወንፊቱ የተቀደደ ነበር። ቀንበሩን በሁለት በርጩማ ለወጠ፤ በርጩማዎቹ ባለ ሁለት እግር ነበሩ። «መርቁልኝ!» እያለም በየልዋጩ አስጨመረ። ሲሄዱ በአንጓች ጀርባ ላይ ትንሽ ቦታ ነበር፤ ሲመለሱ አልነበረም። ጓንጉልም ከአጥሩ ላይ ጮኸ፦ «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት!»

በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት አሮጊት ያን አፈ ሸራፋ እንስራ አገላብጣ አየችው። «ለዶሮዎቼ ማደሪያ ይሆነኛል» አለችና የተጠራውን ዋጋ ሳትከራከር ሰጠች። አንጓች ትንፋሿን ዋጠች። በመጨረሻ አንድ ነገር ከቤቷ ሊወጣ ነው። አሮጊቷ እንስራውን አዝላ ብድግ አለችና፣ «በል እንግዲህ አያ ቢሻው፣ መርቅልኝ» አለች።

ቢሻው ፊቱ ደም መሰለ። «ከእኔ ዕቃ ላይ ምርቃት? ከእኔ?» አለና ዋጋዋን መልሶ እንስራውን ከጀርባዋ ላይ አወረደ።

አሮጊቷ መቀነቷን እያጠበቀች፣ «ዕቃ ባትመርቅልኝ በአፍህ እንኳ መርቀኝ እንጂ ወንድሜ! እሱስ ምን ያስወጣሃል?» ብላ ሄደች።

አህያዋ ተጫነች፤ አንጓችም ተጫነች።  መንገዱን ሁሉ የአሮጊቷን ቃል ስታላምጥ ነበር። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አንተ ሰው፣ በዋጋ አልሸጥክም። በልዋጭም አልሆነልህም። ሰው ምርቃት ቢሰጥህስ ዕቃህን ትለቃለህ?»

ቢሻው ዓይኑ በራ። «ለምርቃትማ! ምርቃት የሚሰጠኝ ካለ እንኳን ዕቃውን በሩንም ነቅዬ አሸክመዋለሁ!»

«አትለቅም፤ አውቅሃለሁ።»

«ስንዱ ትሙት እለቃለሁ!»

አንጓች ሸክሟን ይዛ ዘወር አለችበት። «በነፍሰ ጡር ትምላለህ? አፍህ ይያዝ! እንግዲህ የማልኸውን አንተ ታውቃለህ።» መንገዷን ቀጠለች። የምትፈልገውን ሰምታለች።

እሑድ ቢሻውና ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ አንጓች ዕቃውን አንድ በአንድ ወደ ደጅ አወጣች። ሞፈሩን አወጣች። ወንፊቱን አወጣች። እንስራዎቹን አወጣች። ወገቧ «በቃሽ» ሲላት «ትንሽ ቀረ» አለችው። ሕዝቡ ሲመለስ መንገዱ ዳር ቆመች።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ዕቃ እሸጣለሁ! ዋጋው ምርቃት ነው። ስንዱ ልትወልድ ነው፤ ልጄን መርቁልኝ፣ የፈለጋችሁትን ውሰዱ!»

ቢሻው «ምርቃት» የሚለውን ቃል ሰምቶ ትልቁን አቁማዳ ከደጅ አንስቶ ሮጠ። መጀመሪያ የመጣችው ያችው አሮጊት ነበረች። እጇን ወደ ሰማይ አነሳች። «ማርያም ትቅረባት። እንደ ወጣች አትቅር። በሰላም ትገላገል፤ የወለደችውን ያሳድግላት።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

አሮጊቷ እንስራውን አዘለች። ቢሻው አቁማዳውን ከፍቶ እንደ ያዘ ቀረ። «ቆይ፣ ቆይ! ምርቃቱ የታለ?»

«በጆሮህ አልገባም?» አለችው።

ቢሻው ተናደደ። እጁን ወደ እንስራው ዘረጋ። አንጓች ቀስ ብላ አጠገቡ ቆመች።

«የማልኸው በማን ነው?» አለችው፤ ድምጿ ከድካም የተነሳ ሹክሹክታ ሆኖ ነበር። «ምርቃቱን መልሰህ እንስራውን ውሰድ። ከማን ላይ እንደምትመልሰው ግን አስብ።»

የቢሻው እጅ አየር ላይ ቆመች። ከዚያ ወረደች። «አሜን» አለ።

ሰው እየመረቀ ወሰደ። አንዱ ሞፈሩን ለማገዶ፣ አንዷ ወንፊቱን ለጫጩት መክደኛ። ኮርቻው ጋ ሲደርስ ቢሻው ቁጭ አለበት። በቅሎዋ ከድህነት ያወጣችው በቅሎ ነበረች። አንድ ሽማግሌ መጥተው ጎንበስ አሉለት።

«ልጅህ የልጅ ልጅ ታሳይህ። ባዶ እጅህን መጥተህ ነበር፤ እጅህን የሚይዝ ሕፃን ይስጥህ።»

ቢሻው ኮርቻውን ዳበሰ። ከዚያ ከኮርቻው ላይ ተነሳ።

ይህን ሁሉ ያየው ጓንጉል ከአጥሩ ዘለለ። «ምርቃት በነጻ ነው!» አለ በልቡ። «ይባርካት!» ይልና አንድ ያነሳል፤ «ይቀድሳት!» ይልና አንድ ያነሳል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጉሮሮው ደረቀ፤ የእነ አንጓች ደጅም ባዶ ሆነ። ባለ ሁለት እግሮቹን በርጩማዎች እንኳ አልተዋቸውም።

«ኧረ ጓንጉል፣ ተው!» አለ ቢሻው።

«ተወው» አለች አንጓች። «ይመርቅልን።»

ቤቱ ውስጥ መደቡ ወጣ። አንጓች ጠረገችው፤ በእበት ለቀለቀችው። ጾሙ ሲፈታ ስንዱ መጣች። አማቷ እንከን ፍለጋ ተከትለዋት ገቡ፤ ዙሪያውን አዩ፤ የሚያደናቅፋቸው ነገር አጡ። «ቦታ አላችሁ ለካ!» ብለው ተቀመጡ። ስንዱ እናቷ ባማጠችበት መደብ ላይ በሰላም ተገላገለች። እልል ተባለ።

በማግስቱ የጓንጉል ሚስት ዓይኗ አብጦ መጣች። «እቴ አንጓች፣ በሬ አልዘጋ አለኝ። ባሌ የመረቀውን መልሺለትና ዕቃሽን ውሰጂ።»

«እኅቴ» አለች አንጓች፤ «እኔ ብፈልግም ምርቃት ከወጣ አይመለስም።»

ቢሻውስ? ቢሻው ለአራሷ ቅቤ ሊገዛ ገበያ ወጣ። ሲመለስ ጋቢው ሥር አንድ ነገር አብጦ ነበር። አንጓች መደቡ ሥር ቁርበት ላይ ጋደም ብላለች።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል... ክዳን ናት። ድስት የላትም እንጂ ደህና ናት። መረቁልኝ...»

አንጓች አልተቆጣችም፤ ለቁጣም አቅም አልነበራት። እግሯን ብቻ ቀስ አድርጋ ዘረጋች፤ እስከ ግድግዳው ዘረጋች። የሚነካት ነገር አልነበረም። ቢሻው እግሯን አየ። ክዳኗን ቢያስቀምጣት ያ እግር ዳግም እንደሚታጠፍ ገባው። ወጣ። ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ለማን ሰጠሃት?»

«ለጓንጉል።»

«ምን አለህ?»

«እሱስ መረቀኝ። የረገመችኝ ሚስቱ ናት።»

አንጓች እየሳቀች እንቅልፍ ወሰዳት፤ እግሯን እንደ ዘረጋች።

ለዚህ ነው «ዕቃ ቢበዛ ቤት ያጠብባል፤ ምርቃት ቢበዛ ቤት ያሰፋል» የሚባለው።

እኔም ዕቃ አልጨምርባችሁም። ተረቴን ውሰዱ፤ መርቁኝና ሂዱ።