አዋላጅ የሆነው በረኛ

አንድ በረኛ ነበር፤ ስሙ ተካልኝ ይባላል። የአንዲት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማን ቡድን በር አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቋል፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፏል። ከሁሉ በላይ ያስጠራው ግን በአንድ የዋንጫ ጨዋታ መጨረሻ ደቂቃ ላይ ያዳነው ሪጎሬ ነው። ኳሷን በግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ነክቶ በአግዳሚው ላይ ሲያወጣት ስታዲየሙ ሊፈርስ ደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተካልኝ ፀጉር ቤት ሲገባ ተራ የያዘው ሁሉ ከወንበሩ ይነሳለት ነበር።

ትከሻው ሦስት ጊዜ ወለቀ። በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ክለቡ አበባ አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ አጨብጭቦ አሰናበተው። ተካልኝ ማታ ቤቱ ገብቶ አበባውን ውሃ ውስጥ አኖረው፤ በሳምንቱ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ውሎው ሻይ ቤት ሆነ። "እስቲ ያቺን ሪጎሬ ንገረን" ይሉታል። እሱም ወንበሩን ገፋ አድርጎ ይነሳና አጥቂው እንዴት እንደተንደረደረ፣ ዓይኑ ወዴት እንዳየ፣ እሱ ወዴት እንደዘለለ ያሳያቸዋል። የሚሰማው ሰው እየተቀያየረ፣ ተካልኝ ያችኑ ሪጎሬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያድን ኖረ። ሚስቱ ስንዱ ከፋብሪካው ፈትል ክፍል ደክሟት ስትመለስ፣ "ዛሬስ እንዴት ዋልክ?" ትለዋለች። "ደህና" ይላል።

ስንዱ አረገዘች። ቀኗ ደርሶ ተካልኝ ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ያዋለዳት ወጣት የጤና መኮንን ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ የምሥራቹን ተናገረ፤ የቆመውን ሰው ልብ ብሎ ሲያይ ግን ወደ ውስጥ መመለሱን ረሳ።

"ተካልኝ! በረኛው ተካልኝ! አባቴ እኮ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ነው ያየሁህ! እስቲ በሞቴ፣ ያቺን ሪጎሬ አንዴ ንገረኝ።"

ተካልኝ በደስታ ሰክሯል። አባት ሆኗል፤ ሚስቱም በሰላም ተገላግላለች። ኮሪደሩ መሃል ቆመና ነገረው። ተረኞቹ መጡ፤ ጥበቃውም መጣ። አጥቂው ተንደረደረ፣ ተካልኝ ዘለለ፣ ሁሉም አጨበጨቡ።

በዚህ መሃል ሲስተር አመለወርቅ የምትባል በዕድሜ የገፋች አዋላጅ ነርስ ከሌላ ክፍል ወጥታ፣ ጭብጨባውን አልፋ ወደ ማዋለጃው ገባች። ወዲያው ጩኸቷ ተሰማ።

"ይህቺን ሴት የሚያያት የለም? ደሟ አልቋል እኮ!"

የጤና መኮንኑ ሮጠ። ተካልኝ በበሩ ክፍተት ያየው የስንዱን ፊት ነው፤ እንደ ግድግዳው ነጥቷል። አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ደም ተኝቷል። ሲስተር አመለወርቅ በአንድ እጇ የስንዱን ሆድ ታሻለች፤ በሌላው መርፌ ትወጋለች፤ በዓይኗ ሁሉንም ታዛለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደሙ ቆመ። ስንዱ ተረፈች።

ሲስተር አመለወርቅ እጇን ታጥባ ስትወጣ ተካልኝ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"እኔ ኳስ እያወራሁ ነበር" አላት። "እሷ ስትደማ እኔ ኳስ እያወራሁ ነበር፣ ሲስተር።"

"አንተማ ምን ታውቃለህ" አለችው ለስለስ ብላ። "የሚያውቀው ነው ጥሎ የወጣው።"

"ምን አድርገው ነው ያዳኗት?"

"አየኋት። መጀመሪያ ያደረግኩት እሱን ነው። ሌላው በትምህርት የሚገኝ ነው።"

ተካልኝ ብዙ ቀን ይህን ነገር ሲያብሰለስል ሰነበተ። ስንዱ አልወቀሰችውም፤ ባትወቅሰውም ሻይ ቤት ሲጠሩት እግሩ እንቢ አለው። አንድ ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲስተር አመለወርቅን ጠብቆ፣ "ይህን ሙያ መማር እፈልጋለሁ" አላት። እሷ ሳቀች። ፊቱን ስታየው ሳቋን ተወች።

"ስንተኛ ክፍል ነህ?"

"ከአሥረኛ ነው ያቋረጥኩት፤ ለኳስ ብዬ።"

"እንግዲያው ከአሥረኛ ጀምር" ብላው ወደ ሥራዋ ገባች።

ከአሥረኛ ጀመረ። ልጁን እያቀፈ ሒሳብ አጠና። ሻይ ቤቱ በር ላይ ሲያልፍ፣ "ተካልኝ፣ ደብተሩ የማን ነው? የልጅህ ነው?" እያሉ ይስቁበት ነበር። "የእኔ ነው" ብሎ ያልፋል። በሁለት ዓመቱ ጨርሶ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ገባ። ክፍሉ ውስጥ ከሱ ሌላ ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ የሆነ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻው ዓመት የተግባር ፈተና መጣ። ፈታኙ ትንፋሽ ያጣ አራስ ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ በአሻንጉሊት እንዲያሳይ አዘዘው። ተካልኝ ቅደም ተከተሉ ጠፋበት፤ አየር መስጫውን አሻንጉሊቱ አፍ ላይ ያደረገው አንገቱን ሳያቃና ነው። ፈታኙ ግን ፈገግ ብሎ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። "አልፈሃል። አንተን የመሰለ ሰው እንዴት እጥላለሁ? ያቺን ሪጎሬ እኮ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም" አለው።

ተካልኝ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ወጣ። ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ይህን ወረቀት ይዞ ቢሄድ ማንም አይጠይቀውም። ቤት ውስጥ ስንዱ የምረቃውን ድግስ እያሰበች ነው። እዚያው ብዙ ቆየና ተነሥቶ ተመለሰ።

"መምህር፣ አልሠራሁትም እኮ።"

"ምኑን?"

"ፈተናውን። ሕፃኑ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ እጄ ላይ ይሞት ነበር። እርስዎም አይተዋል።"

ፈታኙ ፊቱ ቀላ። "ብሰርዘው እኮ ዓመቱን ትደግማለህ፤ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ሰው ምን ይልሃል?"

"ሰው ለእኔ ማጨብጨብ ለምዷል" አለ ተካልኝ። "አንድ ጊዜ ሲያጨበጭብልኝ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነበር።"

ዓመቱን ደገመ። ቀላል አልነበረም፤ ስንዱም ያን ቀን አኩርፋ ዋለች። ማታ ላይ ግን አሻንጉሊት ከጨርቅ ሰፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። በዚያች አሻንጉሊት ላይ ቅደም ተከተሉን ስንት መቶ ጊዜ እንደሠራው እሱ ራሱ አያውቅም።

ተመርቆ የተመደበው መኪና በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በሚገባበት የቆላ ወረዳ ነው። እዚያ ስሙን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ገበያ መሃል ሲያልፍ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር እንደ ብርድ ተሰማው፤ አንዳንዴ ራሱን ሰው እስኪያውቀው ሲጠብቅ ያገኘው ነበር። ይባስ ብሎ እናቶቹ ወንድ አዋላጅ መሆኑን ሲሰሙ ከጤና ጣቢያው በር ይመለሱ ጀመር። ሁለት ወር አንድም ሴት አላዋለደም። አልጋውን ያነጥፋል፣ የማዋለጃ ዕቃውን ይቀቅላል፣ ይጠብቃል።

አንድ ጠዋት እናኑ የምትባል ወጣት በምጥ ተይዛ በቃሬዛ መጣች። አማቷ እማማ ዘርፌ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

"ወንድ አይገባም! ሴት የለችም?"

"የለችም፣ እማማ።"

"እንግዲያው እኔው አዋልዳታለሁ። ስድስት ወልጃለሁ።"

ተካልኝ አልተከራከረም። "እሺ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ልቁም። የሚያዩትን ብቻ ይንገሩኝ" አላቸው።

እማማ ዘርፌ እያጉረመረሙ ተስማሙ። እሱ ይጠይቃል፣ እሳቸው ያያሉ፤ "ውሃው ፈሰሰ?"፣ "ራሱ ታየ?"፣ "አሁን አትግፊ በሏት።" ልጁ ወጣ። ከዚያ ጸጥ አለ። ተካልኝ የሕፃን ለቅሶ ጠበቀ፤ አልመጣም።

"እማማ?"

"ዝም አለብኝ" አሉ እማማ ዘርፌ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "ልጄ፣ ግባ! ግባ እንጂ ምን ትጠብቃለህ!"

ገባ። ሕፃኑ ሰማያዊ ሆኗል። አደረቀው፣ ጀርባውን አሸው፣ አንገቱን አቃና፣ አየሩን ሰጠው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቅደም ተከተሉ አልጠፋበትም። ትንሿ ደረት ከፍ አለች፤ ዝቅ አለች፤ ደግማ ከፍ አለች፤ ከዚያ ሕፃኑ እንደ ተቆጣ ሰው ጮኸ። እናኑ አለቀሰች፣ እማማ ዘርፌ መሬቱን ሳሙ።

ሁሉም ሲረጋጋ እማማ ዘርፌ አጠገቡ ተቀመጡ። "ልጄ፣ አንተ ፀጉርህ ሸበት ብሏል፤ አዲስ ምሩቅ ነው ደግሞ ይሉሃል። ከዚህ በፊት ሥራህ ምን ነበር?"

"ኳስ እጫወት ነበር፣ እማማ።"

"እሱማ የልጅ ነገር ነው፤ እኔ የጠየቅኩህ ሥራህን ነው።"

ተካልኝ በዚያ ወረዳ የዚያን ቀን ያህል ስቆ አያውቅም።

ወሬው ተራራውን ተሻገረ። ከሦስት ወረዳ በቃሬዛ፣ በበቅሎ፣ በእግር መጡ። በአሥር ዓመት ውስጥ በእሱ እጅ የተወለዱት ሕፃናት አንድ ትምህርት ቤት ሞሉ። ስንዱም ልጇን ይዛ ወደዚያው መጥታ አብራው መኖር ጀመረች። ሌሎች አዋላጆች ሊማሩ ይላኩለት ጀመር፤ ሁሉንም የሚያስተምራቸው የመጀመሪያው ትምህርት አንድ ነው፤ "ከወለደች በኋላ ከክፍሉ አትውጡ። እዩዋት።" ሬዲዮ ስሙን አነሣ፤ ሽልማት መጣ። አንድ ጋዜጠኛ፣ "ኳስ የለመደ እጅዎ ነው ሕፃናቱን እንዲህ የሚይዘው?" ብሎ ሲጠይቀው ግን ተካልኝ ራሱን ነቀነቀ። "አይደለም። ይህን እጅ እንደገና ነው ያስተማርኩት።"

ሬዲዮውን ከሰሙት አንዱ የድሮ የቡድን ጓደኛው ጎሳዬ ነው፤ አጥቂ ነበር። ለቀድሞ ተጫዋቾች ግጥሚያ ሊጠራው ብሎ እስከ ቆላው ድረስ መጣ። አብረው ምሳ በሉ፤ የድሮውን አንሥተው ሳቁ። ከዚያ ጎሳዬ ጠየቀው።

"ተካ፣ እንዴት ቻልከው? እኔ ዛሬም ፀጉር ቤት ስገባ ሰው ካልተነሣልኝ ቀኑን ሙሉ ያመኛል።"

"እኔንም ያመኝ ነበር" አለ ተካልኝ። "እዚህ የመጣሁ ሰሞን ማንም ሳያውቀኝ ሲቀር ጠዋት ከአልጋዬ መነሣት አልፈልግም ነበር።"

"ታዲያ በምን ተወህ?"

"አልተወኝም። ሥራ ሲበዛብኝ ረሳሁት።"

ጎሳዬ መሬት መሬቱን አየ። "እኔ ከኳስ ሌላ አንድም ነገር አላውቅም እኮ።"

"እኔስ ምን አውቅ ነበር? አላውቅም ብዬ ነው የጀመርኩት።" ተካልኝ ይህን ብሎ የጓደኛውን ጉልበት መታ መታ አደረገና ተነሣ፤ አንዲት እናት በር ላይ ደርሳ ነበር። ጎሳዬ በማግስቱ የሚሄደውን መኪና አልተሳፈረም። የጤና ጣቢያው የውሃ ቧንቧ ከተበላሸ ወር አልፎት ነበር፤ መፍቻ ተበድሮ፣ እያበላሸና እያስተካከለ፣ ቀኑን ሙሉ ሲታገለው ዋለ።

ወዳጆቼ፣ የተጨበጨበለት ሰው መጥፎ ነገር አላደረገም፤ ያጨበጨቡትም አልበደሉም። ጭብጨባ ግን ትናንት የሠራነውን ነው የሚናገረው፤ ዛሬ አጠገባችን ማን እየደማ እንደሆነ አይነግረንም። ተካልኝ ለሁለተኛ ጊዜ የታወቀው የመጀመሪያውን ስሙን ይዞ ስለሄደ አይደለም፤ ያ ስም ያስፈረመለትን ወረቀት መልሶ፣ ከወጣቶች ጋር ተቀምጦ ዓመቱን ስለደገመ ነው። ብዙዎቻችን ሌላ ችሎታ አጥተን አይደለም በአንድ ስም ታስረን የምንቀረው፤ "አላውቅም፣ አስተምሩኝ" ማለት ስለሚያሳፍረን ነው።

እርስዎስ ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ የተናገሩት መቼ ነው? ለማንስ ነበር?