ሁለት ገብተው አንድ ሲወጣ

አንድ ቀን፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ከግማሽ በላይ መሬቷ ረግረግ የሆነ የአንዲት ወረዳ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለአዲሱ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ሽፋን የሚሆን የወፍ ፎቶ አጣ። የጽሕፈት ቤቱ ፎቶ አንሺ ጥላዬ ሁለት ጊዜ ወደ ረግረጉ ሄዶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ኃላፊው አቶ መኳንንት አብረውት ስለሄዱ ይዞ የተመለሰው የሰማይና የቄጠማ ፎቶ ነው። አንደኛው ፎቶ ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን እግር ትታያለች፤ የወፍ መሆኗን ጥላዬ ይምላል።

ማተሚያ ቤቱ ከዚህ በላይ አልጠብቅም አለ። አቶ መኳንንትም ጥላዬን ቢሯቸው ጠሩት።

«ስማ፤ ነገ ያንን ባለ ቁንጮውን ወፍ በመኖሪያው፣ ዘና ብሎ ቆሞ ታነሳዋለህ። ደንግጦ ሲበር አልፈልግም፤ ያየን እንግዳ ሁሉ ምን አድርገውት ነው ይላል። ባዶ እጅህን ከመጣህ ካሜራውን ለንብረት ክፍል አስረክበህ ወደ መዝገብ ቤት ትመለሳለህ። ሽፋኑ ላይ አምና ሪባን ስቆርጥ የተነሳሁት ይወጣል።»

ጥላዬ መዝገብ ቤቱን ያውቀዋል፤ መስኮት የለውም። የሪባኑንም ፎቶ ያውቀዋል፤ ያነሳው እሱ ነው።

«እሺ ጌታዬ። እንግዲያውስ ነገ በማለዳ ብቻዬን ልሂድ።»

«ብቻህን? ያለ እኔ ምን ልትሠራ? ወፍን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው በዚህ ወረዳ የለም። ልጅ ሆኜ የአባቴን ማሽላ የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ማማው ላይ ቆሜ ወንጭፌን ካነሳሁ ወፍ የተባለ አገር ለቆ ይሄድ ነበር።»

«እነሱም እርስዎን ሳያውቁዎት አይቀሩም» አለ ጥላዬ።

አቶ መኳንንት እንደ ምስጋና ተቀበሉት።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል ደረሱ። ሹፌሩ ዘርጋው መኪናዋን ጉብታው ላይ አቁሞ፣ «ጥላዬ፣ በል ካሜራህን ሳመው፤ ከዛሬ ወዲያ መገናኘታችሁን እንጃ» ሲል ሸኘው። ከቄጠማው ማዶ፣ ውሃው በሳሳበት ሜዳ፣ ወርቅማ ቁንጮ ያላቸው፣ ጉንጫቸው ግማሹ ነጭ ግማሹ ቀይ የሆነ ረጃጅም ወፎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይንጎራደዳሉ። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ደረቷ ብርቱካናማ የሆነች አንዲት ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ሸምበቆ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ትመለከታለች። አቶ መኳንንት ቀይ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ሜዳው ባዶ ሆነ።

ሁለቱ ጥላዬ ቀደም ብሎ በደንገል ወደ ሠራት ጠባብ ዳስ ገብተው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ወፎቹ ከሩቅ መመለስ ጀመሩ። የአቶ መኳንንት ስልክ ጮኸ።

«ስብሰባ ላይ ነኝ!» አሉ አቶ መኳንንት፣ ማዶ ለማዶ በሚሰማ ድምፅ።

ወፎቹ ተመልሰው ሄዱ። እንደገና ሲመጡ አቶ መኳንንት ሳሉ። ሦስተኛ ሲመጡ፣ «ያውና! ያውና! አንሳው እንጂ!» ብለው ጣታቸውን በደንገሉ መሀል አወጡ። ከዚያ በኋላ አልመጡም።

«እነዚህ ወፎች» አሉ አቶ መኳንንት ሰዓታቸውን እያዩ፣ «ሰዓት አያከብሩም።»

ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነበር። ያ ለስለስ ያለው የማለዳ ብርሃን ካለፈ ፎቶም የለም፣ ካሜራም የለም። ጥላዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታዬ፣ አንድ ዘዴ አለ። ወፎቹ ሰው ሲገባ አይተዋል፤ ስንት እንደገባ ግን አይቆጥሩም። አሁን ከሁለታችን አንዳችን እየታየ ወጥቶ ቢሄድ፣ ዳሱ ባዶ ሆነ ብለው ይመለሳሉ።»

«አውቀዋለሁ። እኔም ልነግርህ ስል ነው የቀደምከኝ። በል ውጣ።»

«እኔ?»

«አንተ ነሃ! ካሜራውን እዚህ ተውልኝ። መጫን አይደል እንዴ? መጫን ማን ያቅተዋል?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ቢወጡ ይሻላል።»

አቶ መኳንንት ዳሷ እስከፈቀደችላቸው ድረስ ቀና አሉ። «ሠራተኛ ተቀምጦ ኃላፊ የሚወጣው በየትኛው መመሪያ ነው? ሰው ሰው ነው፤ አንተ ወጣህ እኔ ወጣሁ ለወፍ ምን ልዩነት አለው? እስቲ አስረዳኝ!»

ጥላዬ ካሜራውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ልዩነትማ አለው ጌታዬ። ቢሯችንን ይውሰዱ። እኔ ስወጣ ቀና ብሎ የሚያየኝ አንድ ሰው የለም፤ የተደበቀው እንደተደበቀ፣ ዝም ያለውም ዝም እንዳለ ነው። እርስዎ የወጡ ዕለት ግን ከየጥጉ ብቅ የማይል የለም። አንዱ ያንጎራጉራል፣ አንዱ ይንጠራራል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚንሸራሸርም አለ። ‹ዘና ብለው ይነሱ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ዘና የሚባለው ደግሞ አለቃ ሲወጣ ነው።»

አቶ መኳንንት ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። ጃንጥላውን ዘርግተው፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ አንድም ጊዜ ዞር ሳይሉ ወደ ጉብታው ሄዱ። ሲሄዱ ረግረጉ ውስጥ ያለ ፍጥረት ሁሉ አያቸው። መኪናዋ ጋ ሳይደርሱ ሜዳው ሞልቶ ነበር።

የቀን መቁጠሪያው ጳጉሜን ላይ ታትሞ መጣ። ሽፋኑ ላይ ባለ ቁንጮው ወፍ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ በዓለም ላይ አለቃ የሚባል ነገር መኖሩን የረሳ ይመስላል። ከሥሩ በደማቁ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ይህ ፎቶ የተገኘው በጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በአቶ መኳንንት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ነው።» የጥላዬ ስም የለም።

ሹፌሩ ዘርጋው ተናደደ። «ይህን አይተህ ዝም ትላለህ?»

«ምኑ ሐሰት ነው?» አለ ጥላዬ፣ ካሜራውን በጨርቅ እየወለወለ። «እሳቸው ባይሄዱልኝ ኖሮ ከየት ይገኝ ነበር?»