የእመት ዳለቻ ፍም

አንድ ጊዜ፣ ጉም ከተራራው ወርዶ እስከ መስከረም የማይነሳባት አንዲት የእንስሳት ከተማ ነበረች። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ይጀምራል፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ጠዋትና ማታው ተቀላቅሎ ቀኑን ሙሉ የመሸ ይመስላል። በዚያ ወቅት የከተማዋ ነዋሪዎች ከዓይናቸው ይልቅ አፍንጫቸውን ያምናሉ። ከሥራ ወጥተው በጉሙ ውስጥ ቀስ እያሉ ሲሄዱ፣ እግራቸው ሳያስቡት ወደ አንድ መንገድ ይወስዳቸዋል። ጭስ ሰፈር ይሉታል። በዚህ በኩል ቅቅል ድንች በዳጣ ይሸጣል፤ በዚያ በኩል የምስር ሳምቡሳ ይጠበሳል፤ እመት ጦጢት ደግሞ ጃንጥላዋ ሥር ተቀምጣ ለደንበኞቿ በለስ ትልጣለች። ሻጩም ገዢውም ከጉሙ ውስጥ በግማሽ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ከፊቱ የቆመው ማን እንደሆነ ሁሉም የሚያውቀው በድምፁ ነው።

ከመንገዱ መጨረሻ፣ ከትልቁ ሾላ ሥር፣ እመት ዳለቻ የምትባል አህያ በቆሎ ትጠብስ ነበር። ዕድሜዋን በሙሉ ጭነት ስትሸከም ኖራ፣ ጀርባዋ ቁስል በቁስል ሲሆን ነው ወደዚህ ሥራ የዞረችው። አሠራሯ ታዲያ የራሷ ነው። ቀድማ ጠብሳ የምታስቀምጠው በቆሎ የለም። የመጣው ሁሉ ከክምሩ የወደደውን ይመርጣል፣ ቅጠሉን ራሱ ይገፍፋል፣ ከዚያ ለእሷ ይሰጣታል። እሷም ነበልባሉ እስኪወርድና ፍሙ አመድ እስኪለብስ ትጠብቅና፣ በቆሎውን አስቀምጣ በዝግታ እያገላበጠች ባለቤቱን ስለ ኑሮው ትጠይቀዋለች። ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስለታመመው ልጅ፣ ስለተጣላው ወንድም ትጠይቃለች። ስትጠይቅ ደግሞ መልሱን ትሰማለች፤ ብርቁ ነገር ይሄ ነበር። ተራ ጠባቂው እሳቱን ከቦ ይቆማል፣ ፀጉሩ ይደርቃል፣ ወሬው ይሞቃል። ማንም «ቶሎ በይ» ብሏት አያውቅም።

ከሾላው ፊት ለፊት «ጥጋብ ምግብ ቤት» አለ። ባለቤቱ አያ ጅቦ ነው። ቤቱ ባለ መስታወት ነው፣ ወንበሩ ብዙ ነው፣ እንግዳው ግን ጥቂት ነው። ጅቡ በየምሽቱ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ከማዶ የሚታየውን ቀይ ፍምና በዙሪያው የቆሙትን ጥላዎች ይመለከታል። ምን እንዳለ አልገባውም። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ እንስሳ የሚሰበሰበው ምግብ ባለበት ነው። ሥራ አስኪያጁ ቀበሮ ግን ከእሱ ይልቅ አርቆ ያስባል፣ ወይም አርቆ የሚያስብ ይመስለዋል።

በዚያ ክረምት የከተማዋ ገዢ አያ አንበሶ መንገዱ ተጣበበ የሚል አቤቱታ ደረሰው። አቤቱታውን የጻፈው ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አንበሳውም አሰበና፣ ከሾላው ሥር መሥራት የሚፈቀደው ለአንድ ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ራሱ መጥቶ ያያል፤ ከአህያዋና ከጅቡ የከተማው ሕዝብ ማን ጋ ተሰብስቦ ካገኘው ቦታው የዚያ ይሆናል።

ወሬውን ለእመት ዳለቻ ያደረሰላት ቀበሮ ነበር። ከጉሙ ውስጥ ቀስ ብሎ ብቅ አለ፤ መጀመሪያ የታየው ፈገግታው ነው።

«እመት ዳለቻ፣ አይዘኑብኝ» አላት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እኔ እንኳ ስለ እርስዎ ነው የማስበው። በዚህ ዕድሜ ከጭስ ጋር መታገል ምን ያደርግልዎታል?»

እሷ ፍሟን ቆሰቆሰች። ልቧ ግን ደነገጠ። በጭስ ሰፈር ከዝናብ የሚከልል ዛፍ ያ ሾላ ብቻ ነው፤ ከእሱ ሥር ከወጣች ከሰሏ አይያያዝም። ከሰሏ ካልተያያዘ የሚቀራት ያው የድሮው ጭነት ነው። ይህን ስታስብ ጀርባዋ ላይ የዳነው ቁስል እንደገና ያመማት መሰላት።

ቀበሮ ተመልሶ ከጅቡ ጋር ሲመካከር፣ አያ ጅቦ አንድ ቀላል መላ አለኝ አለ። አህያዋን ቢበላት ነገሩ በዚያው እንደሚያልቅ አስረዳ። ቀበሮ በትዕግሥት በከተማው ክልል መበላላት ከተከለከለ ዘጠኝ ዓመት እንደሆነው አስታወሰው።

«ደግሞም እሷን መብላት ምን ይሠራልሃል?» አለው። «ሕዝቡን የሚጠራው በቆሎው ነው። በቆሎውን ውሰድባት፣ ሕዝቡ ራሱ ይመጣል። አንተ ደግሞ ቀድመህ ጠብሰህ ትጠብቃለህ። እሷ ጋ እኮ ቆመው ነው የሚጠብቁት፣ በዝናብ። መጠበቅ የሚወድ እንስሳ አይተህ ታውቃለህ?»

ጅቡ አላየም። እሱ ራሱ አንድም ቀን ጠብቆ አያውቅም።

ለከተማው በቆሎ የሚያመጣው ከገደሉ ማዶ የሚያርሰው ዝንጀሮ ነው። ቀበሮ ገደል አፋፍ ድረስ ሄዶ አግባባውና የሳምንቱን በቆሎ ጠቅልሎ ወሰደ። ዝንጀሮ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። እመት ዳለቻ ሐሙስ ጠበቀችው፣ ዓርብም ጠበቀችው። ቅዳሜ ጠዋት ከመንገዱ ላይ ሲያያት አንገቱን ሰብሮ በጉሙ ውስጥ አለፈ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት።

ቤቷ ተመልሳ የድሮ መጫኛዋን ከተሰቀለበት አወረደች። ጠፍሩ ደርቋል፣ ግን አልተበጠሰም። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣው አለቀሰች። የምትጠብሰው ሳይኖራት ወደ ሾላው ሄዳ መሳቂያ ከመሆን፣ ከቤት መቅረት ይሻላል አለች። ሰዓቱ ሲደርስ ግን እግሯ አላስቀመጣትም። ከሰሏን ይዛ ወጣች፤ ሾላው ሥር ተቀምጣ እሳቷን አያያዘች። ለማን እንደምታያይዘው እሷም አታውቅም። በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ እሳት ሳይኖር ቀርቶ አያውቅም፣ ያ ብቻ ነው።

በጥጋብ ምግብ ቤት ውስጥ ያን ቀን ሌላ ታሪክ ነበር። አያ ጅቦ ከማለዳ ጀምሮ ሲጠብስ ዋለ። ፍሙ አመድ እስኪለብስ መጠበቅ አልቻለም፤ በቆሎውን ነበልባሉ ላይ ወረወረው፤ ላዩ ከሰለ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ። ሦስት ሲጠብስ አንዱን ይውጣል፤ የዋጠው ከሰል ይሁን በቆሎ ለይቶ አያውቅም። እንዲያም ሆኖ አመሻሹ ላይ ጠረጴዛው ሁሉ በቆሎ ተደርድሮበት ነበር።

ሕዝቡ በእርግጥ መጣ። ከመንገዱ በቆሎ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው ተብሎ ነበርና፣ ዝናቡ እያባረረው ገባ። ፍየል እንኳ በገዛ እግሯ ጅብ ቤት ገባች። እያንዳንዱ ገና ሳይቀመጥ በቆሎው ከፊቱ ተቀመጠለት። በቆሎው ቀዝቅዞ እንደ እንጨት ደርቋል። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ቆረጠመ፣ ግድግዳውን አየ፣ ጎረቤቱን አየ፤ የሚባል ነገር ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ አባ ኤሊ ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ መስታወቱ ቀረበ። ከማዶ፣ በጉሙ ውስጥ፣ አንድ ቀይ ነገር ይታየዋል። በሩን ከፍቶ ወጣ። ቀጥሎ ፍየሏ ወጣች። ከዚያ በኋላ በሩ አልተዘጋም።

እመት ዳለቻ ከጉሙ ውስጥ የሚመጣውን የእግር ድምፅ ስትሰማ ፊቷ በሐፍረት ጋለ። በቆሎ እንደሌላት በቀጥታ ነገረቻቸው። አባ ኤሊ ድንጋይ ጎትቶ ተቀመጠ።

«እሳቱ አለ አይደለም እንዴ?» አለ። «እኔ ልደርቅ ነው የመጣሁት።»

እንግዲህ ከበቧት። የሚበላ አልነበረም፤ እጃቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው ቆሙ። ዝናቡ የሾላውን ቅጠል እየመታ ከላያቸው ይንሾካሾካል፤ ጉሙ ከተማውን ሁሉ ውጦ እነሱን ብቻ በእሳት ዳር ያስቀራቸው ይመስል ነበር። እሷም እንደልማዷ ከዳር ጀምራ መጠየቅ ያዘች። አባ ኤሊ ወገቡ እንዴት እንደሆነ፣ ፍየሏ ለታናሿ የላከችው መልእክት ደርሶ እንደሆነ ጠየቀች። ዝንጀሮም ከኋላ ተደብቆ ቆሞ ኖሯል፤ ስለ በቆሎው አንድም ነገር ሳታነሳ የልጆቹን ጤንነት ጠየቀችው። ዝንጀሮ ፊቱን ወደ ጉሙ አዞረ። እንባው ግን ወጣ።

አያ ጅቦ ይህን ሁሉ በመስታወቱ ያያል። ቤቱ ኦና ሆኗል። ቀበሮ ጥግ ላይ ተቀምጦ የከሰለ በቆሎ እያገላበጠ ሒሳቡ የት ጋ እንደተሳሳተ ያሰላስላል። ጅቡ ሌላ ጥያቄ ነው የያዘው፤ ምን እየበሉ ነው? አላስችል ሲለው በዝናቡ መንገዱን ተሻገረ። አንገቱን ከፊቱ በቆሙት ትከሻ መካከል አሾልኮ አየ። ጎረቤቱን ምን እንደበላ ጠየቀው፤ ምንም አለው። ሌላውን ጠየቀ፤ እሱም ምንም አለ። ጅቡ አላመነም። ዋናው ምግብ ሳይመጣ አይቀርም ብሎ ቆመና ጠበቀ። ከተወለደ ጀምሮ ሲጠብቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በዚህ መካከል ጉሙ ተከፈለና አያ አንበሶ መጣ። ሁሉም መንገድ ለቀቀለት። አንበሳው በስተግራ ባዶ ወንበሮቹን በመስታወቱ አየ፤ በስተቀኝ ሕዝቡን አየ፤ ከሕዝቡ መካከል ደግሞ ጅቡን አየ።

«አያ ጅቦ፣ ቤትህ ዝግ ነው እንዴ?»

«ክፍት ነው ጌታዬ። በቆሎውም ሞልቷል።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ጅቡ ብዙ አሰበ። ማሰብ ለእሱ ከባድ ሥራ ነው። «ተራዬን እየጠበቅሁ ነው» አለ በመጨረሻ።

«የምን ተራ? የሚበላ ነገር የለም እኮ።»

«አይ፣ ለመብላት አይደለም» አለ ጅቡ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እሷ ሁሉንም ጠየቀች። አባ ኤሊንም ጠየቀች፣ ዝንጀሮንም ጠየቀች። እኔ ጋ ገና አልደረሰችም።»

የሳቀ አልነበረም። አንበሳው ሾላው የእመት ዳለቻ መሆኑን በአጭሩ ተናግሮ፣ እጁን እንደሌሎቹ ወደ ፍሙ ዘረጋ።

እመት ዳለቻ ጅቡን ቀና ብላ አየችው። ልታባርረው ትችል ነበር፤ ከሷ በላይ ምክንያት ያለው አልነበረም። ከሰሉን ቆስቁሳ ዝናቡ ከማይነካው በኩል ቦታ ሰጠችው።

«አንተስ አያ ጅቦ» አለችው፣ «እንዴት ከረምክ?»

ጅቡ አፉን ከፈተ። አፉን ሲከፍት ምግብ ያልፈለገበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። ያወራው ብዙ ነው፣ ግማሹ አልተያያዘም፤ እሷ ግን ሁሉንም ሰማችው።

ከዚህ የምንማረው፣ የመጣውን ሁሉ «እንዴት ነህ?» ብሎ መልሱን የሚሰማ ሰው፣ የሚያቀርበው ቢያጣ እንኳ ደጁ ባዶ እንደማይሆን ነው።